አሥራ ሰባተኛው ኳስ

ኡራካዋ፣ ሆካይዶ
ኤፕሪል 19 ቀን 1977

ለተከበሩ አጎቴ ዮሺማሳ፦

ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅዎ ሲገባ፣ ጤናዎ ሙሉ፣ ጉልበትዎ ብርቱ፣ ዶሮዎችዎም እንቁላል የማይሰስቱ ሆነው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ አያቶቻችን ጠብቀውን ደህና ነን። በረዶው ከአጥር ሥር ብቻ ቀርቷል። የላኩልን ማር ደርሶን ባለቤቴ ጌንጂሮ በማንኪያ እየሰረቀ ጨርሶታል፤ አላምንም ቢልም ጢሙ መስክሮበታል። ስለ ማሩም፣ አባቴ ከሞተ በኋላ እኛን ስላልረሱም እናመሰግናለን።

ትልቅ ወሬ ይዤ ማዞር አልችልበትም፤ ኮምቡ አሸነፈ! መዝገብ ላይ «ሚናቶ ካዜ» ይባላል፤ ለእኛ ግን ያው ኮምቡ ነው። አምና ጽፌልዎት ነበር፤ እናቱ በወለደችው በሦስተኛው ቀን የሞተችበት፣ ውርንጭላዋ የሞተባት የማረሻ ባዝራ ኡሜ ጡቷን ሰጥታ ያሳደገችው፣ ግንባረ ቦቃው ዳማ። አጥር እየዘለለ ሄዶ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጠጠር ላይ ያሰጡትን ኮምቡ፣ ያንን የባሕር ቅጠል፣ ሲበላባቸው ነው ስሙ የወጣለት። የግራ የፊት እግሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ስለሚዞር በጨረታው ቀን ማንም እጁን አላነሳለትም። ጌንጂሮ ገመዱን ይዞ ሲመለስ «እንግዲያው እኛው እናስሮጠዋለን» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ከሦስቱ ታላላቅ ውድድሮች የመጀመሪያውን ነው የወሰደው። እርስዎ በልጅነትዎ ስለወጡ ምናልባት ረስተውት ከሆነ፣ ሦስቱም ለሦስት ዓመት ፈረስ ብቻ የሚሮጡ ናቸው፤ አንዴ ካመለጡ አይመለሱም። የመጀመሪያውን ፈጣኑ፣ ሁለተኛውን፣ ደርቢ የሚባለውን፣ ዕድለኛው፣ በመኸር ኪዮቶ ላይ የሚሮጠውን ረጅሙን ደግሞ ብርቱው ይወስዳል ይባላል። ሦስቱንም ሆኖ ተገኝቶ «ባለ ሦስት ዘውድ» የተባለ ፈረስ ከጦርነቱ ወዲህ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ አልጎመጅም። አንዱ ይበቃኛል።

ጌንጂሮ ግን «በቤታችን ሦስት ዘውድ የጫነ ሰው አለ እኮ» እያለ ከአያቶቻችን መሠዊያ አጠገብ የተሰቀለውን የእርስዎን የቤዝቦል ድል የጋዜጣ ቁራጭ ያሳየኛል። አባቴ በ1951 በመስታወት ያስገባው ነው። ኮምቡ ዕድሉን ከእርስዎ እንደወረሰ አድርገን ቆጥረነዋል፤ ስለዚህም እናመሰግናለን።

ሃትሱኤ


ባስቶስ፣ ሳኦ ፓውሎ፣ ብራዚል
ሜይ 8 ቀን 1977

ለልጄ ለሃትሱኤ፦

እግርሽን ከእንቅፋት፣ በረትሽን ከበሽታ ይጠብቅልኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ለራሴ፣ አንድ ጊዜ ለዶሮዎቹ አነበብኩት። ዶሮዎቹ አልተገረሙም። እኔ ግን ተገርሜያለሁ፤ ፈረስ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት አሥራ አራት ዓመቴ ላይ፣ አባትሽ እስከ መርከቡ ድረስ በጋሪ ሲሸኘኝ ነው ማለት ይቻላል፤ ያ ፈረስ ሲያስነጥስ የረጨኝ ዛሬም አለ መሰለኝ።

ሁለት ነገር ላኪልኝ። ፎቶው ያለበትን ጋዜጣ፣ ደግሞም ከኮምቡ ጭራ አምስት ስድስት ዘለላ። እዚህ ያሉት ሽማግሌዎች ወሬ ብቻ ሲሆን አያምኑኝም።

የኔን የጋዜጣ ቁራጭ በተመለከተ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኖ ይሆናል። ብታወርጂው አልቀየምሽም። ለፈረሱ ፎቶ ቦታ ይሆናል።

ለጌንጂሮ ሌላ ማር ልኬያለሁ። ይህኛውን አንቺ ደብቂው።

ዮሺማሳ


ኡራካዋ
ሜይ 31 ቀን 1977

ለተከበሩ አጎቴ፦

ሰላምታዬ ይቅደም። ደርቢውንም ወሰደ! ሃያ ስምንት ፈረስ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ጠርዝ ተነስቶ! አየሩ ዝናብ ነበር፤ ሌሎቹ ጭቃውን ሲጠሉት የኛ ልጅ፣ የማረሻ ባዝራ ጡት የጠባው፣ እርሻ የገባ መስሎት ደስ አለው።

ሲያሸንፍ የፈረሱ ሰዎች ሁሉ ገመድ ይዘው ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ሸሚዜ እስከ ክርኔ ጭቃ ነበር። «እትዬ ሃትሱኤ፣ ፈገግ ይበሉ!» ሲሉኝ አለቀስኩ፤ ስለዚህ በፎቶው ላይ የሚስቀው ፈረሱ ነው። ጋዜጣውንና የጭራውን ፀጉር አብሬ ልኬያለሁ። ፀጉሩን ስቆርጥ ረግጦኛል፤ እንዲያውቁት ነው።

ቤት ስንገባ ጌንጂሮ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ መዶሻ አነሳ። ሁለት ሚስማር መታ፤ ለሁለቱ ፎቶ። ከዚያ ሦስተኛውን መታ።

«ይኼ ለምን?» አልኩት።

«ለኪዮቶው።»

«ያልተወለደ ልጅ ስም አታውጣ!»

«ሚስማር ነው የመታሁት እንጂ ስም አወጣሁ? አንቺ ደግሞ ያለ ሦስት ጉልቻ ድስት ይቆማል?»

ይኸው ባዶው ሚስማር ምግብ በበላሁ ቁጥር ያየኛል። አሁን እኔም ጎመጀሁ፤ ለእርስዎ አልዋሽም። ግን ሦስት ሺህ ሜትር ነው። ፈጥኖ የሚያሸንፍ ፈረስ ልቡ ይቸኩላል፤ ቸኩሎ ደግሞ ሦስት ሺህ ሜትር አይሮጥም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሁለቱን ወስደው በሦስተኛው የሚወድቁት።

ስለዚህ አንድ ነገር ይንገሩኝ። እርስዎ በቤዝቦል ሦስቱንም ነው የወሰዱት፤ በመምታት ብልጫ፣ ኳስን ከአጥር በማሳለፍ፣ በመቱት ኳስ ጓደኞችዎን አዙረው ወደ መነሻው በማስገባት። አባቴ እንደ ጸሎት ነበር የሚያነበንበው። ያንን ሦስተኛውን እንዴት አገኙት? የመጨረሻው ቀን ጠዋት ልብዎ እንዴት ነበር? ከቤተሰባችን የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ነዎት።

ሃትሱኤ


ባስቶስ
ጁን 30 ቀን 1977

ለልጄ ለሃትሱኤ፦

በሁለተኛው ድል ቤታችሁ ይድመቅ። የጭራውን ፀጉር በኪሴ ይዤ ዞርኩ፤ ያላሳየሁት ሰው የለም። የእህል ነጋዴው በአፍንጫው አሸተተው። ልጅሽ እዚህም ሰው አፍርቷል።

እዚህ ብርድ ገብቷል። የዶሮ መድኃኒት መስጠት አለብኝ፤ ከሦስት ሺህ ውስጥ አርባ ያህሉ ያስላቸዋል። የምሥራቁን ጣሪያም ልጄ እያደሰ ነው።

ስለ ቤዝቦሉ የጠየቅሽኝ ብዙ የሚነገር የለውም። የመጨረሻው ቀን ሙቀት ነበር። አቧራ ነበር። ድሮ ነው።

ፈረሱን ሳሚልኝ።

ዮሺማሳ


ኡራካዋ
ኦገስት 2 ቀን 1977

ለተከበሩ አጎቴ፦

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ዶሮዎቹስ ማሳላቸውን ተዉ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስለ ቤዝቦሉ የጻፉልኝን አንብቤ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አልኩ። የማይነግሩኝ ነገር እንዳለ ገብቶኛል። ሙያ ደብቀው ከሆነ ለዘመድ አይደበቅም።

ኮምቡ የደቡቡን ሙቀት ሸሽቶ ቤቱ ገብቷል። ከመኪናው ሲወርድ ኡሜ ከሜዳው ማዶ ጮኸችለት። ደርቢ ያሸነፈው ፈረስ እንደ ጥጃ እየሮጠ ሄዶ ጭንቅላቱን ከሆዷ ሥር ሊያስገባ ሞከረ፤ ቁመቱ አልፈቀደለትም። ጌንጂሮ ስቆ ሳይጨርስ አለቀሰ።

መንደሩ አብዷል። መቶ ሃያ ሰው በመርከብና በባቡር ኪዮቶ ሊሄድ ተመዝግቧል። ዓሣ ሻጯ እትዬ ማትሱ አርባ ክንድ ጨርቅ ገዝታ ባንዲራ እየሰፋች ነው። «ሦስት» የሚለውን ቁጥር ከኔ ቁመት በላይ አድርጋዋለች። «ማትሱ፣ ገና ነው እኮ» ብላት «ታዲያ ምናልባት አይሆንም ብዬ ‹ሁለት› ልስፋ?» አለችኝ።

ጠዋት፣ ቀትርና ማታ የግራ እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ አጥበዋለሁ። የዘንድሮ ሙቀት መቼም አይጣል ነው። ትናንት ውሃው አልበርድ ብሎኝ ከዓሣ ገበያው በረዶ አስመጣሁ። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አራምዶ አይቶታል፤ ምንም አያነክስም። ጥሩ ይበላል። ሁሉ ነገር ደህና ነው።

እንደምንም ብለው ያንን የመጨረሻ ቀን ይጻፉልኝ።

ሃትሱኤ


ኡራካዋ
ኦገስት 24 ቀን 1977

ለተከበሩ አጎቴ፦

ሳይመልሱልኝ ደግሜ መጻፌ ድፍረት ነው። ታመው ይሆን? ወይስ አስቀየምኩዎት?

ሴፕቴምበር 18 እሑድ ጠዋት የኮምቡ መኪና ይመጣል፤ ወደ አሠልጣኙ ወደ አቶ ሳካኪ ይመለሳል። ከዚያ እስከ ኪዮቶው ድረስ በእጄ አይሆንም። እግሩን አሁንም አጥበዋለሁ። ውሃው ሲንቆረቆር መስማት ለኔም ይስማማኛል። ጌንጂሮ «እግሩን አሟሟሽው እኮ» ይለኛል።

ይጻፉልኝ።

ሃትሱኤ


ባስቶስ
ሴፕቴምበር 5 ቀን 1977
(በአስቸኳይ ፖስታ)

ሃትሱኤ ልጄ፦

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይልሻለሁ፤ ይህ ደብዳቤ ከመኪናው መቅደም አለበት።

ሁለት ደብዳቤ ጻፍሽልኝ፤ በሁለቱም ውስጥ አንድ እግር ታጥቢያለሽ። የግራውን ብቻ። እኔ ዶሮ አርቢ ብሆንም የገበሬ ልጅ ነኝ። ለሙቀት ከሆነ ፈረስ አራት እግር አለው። በረዶ ያስመጣሽው ጅማቱ ስለሚግል ነው። ሐኪሙ ያላየውን እጅሽ አግኝቶታል፤ አንቺም ለማንም አልተናገርሽም። ተሳስቼ ከሆነ ሽማግሌ ዘባረቀ በይኝ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። ለአባትሽ ያልነገርኩትን ነው፤ ላንቺም ባልነግርሽ ደስ ይለኝ ነበር።

በ1951 እዚህ ብራዚል ባለው የጃፓን ሰፋሪዎች ውድድር የመጨረሻው ጨዋታ ሲደርስ በመምታትም፣ ጓደኛ በማስገባትም ማንም አይደርስብኝም ነበር። ከአጥር በማሳለፍ ግን ከሌላ ሠፈር መቺ ከናካዛቶ የበለጥኩት በአንዲት ኳስ ብቻ ነበር። የዚያን ቀን ተጋጣሚያችን የናካዛቶ ቡድን ሆነ። ጠዋት አሠልጣኛችን ወርዋሪያችንንና እኔን ጠርቶ «ናካዛቶ የሚመታው ኳስ ዛሬ አያገኝም። ዘውዱ የሠፈራችን ነው» አለ። በአገራችን ወግ ይህ እንግዳ አይደለም። ለጓደኛ ክብር ሲባል ተቀናቃኝን ኳስ መንሳት የተለመደ ነው፤ ጀግንነት የሚሉትም አሉ።

ናካዛቶ አራት ጊዜ ዱላ ይዞ ወጣ። አራቱንም ጊዜ ወርዋሪያችን አራት አራት ኳስ ከዱላው አርቆ ወረወረ፤ ሕጉ እንዲህ ሲሆን መቺው ሳይመታ ወደ መጀመሪያው ማዕዘን ይሂድ ይላል። አሥራ ስድስት ኳስ። ያንን ሁሉ የሚቀበለው ማን ይመስልሻል? ተቀባዩ እኔ ነበርኩ። ከናካዛቶ ኋላ ተነስቼ፣ እጄን ወደ ጎን ዘርግቼ፣ አሥራ ስድስቱንም ለቀምኳቸው። በአራተኛው ጊዜ ናካዛቶ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ ባዶ እጁን ቆመ። ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ኳሱን ተቀበልኩ።

ማታ በትከሻ ተሸከሙኝ። ለአባትሽ የጋዜጣውን ቁራጭ የላክሁለት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ደስታውን ስለፈለግሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ባለ ሦስት ዘውዱ» ብሎ ሲጠራኝ፣ የሚታየኝ የናካዛቶ ባዶ እጅ ነው። አንቺ ስትጠይቂኝ የደበቅሁሽ ሙያ የለም። ሦስተኛውን አላገኘሁትም።

ፈረስሽ ሁለቱን በእግሩ ነው የወሰደው፤ ማንም አልሰጠውም። ሁለቱን ይዞ መኖር ይችላል። አንቺ ግን የምታውቂውን ይዘሽ ዝም ካልሽ፣ ቢያሸንፍም ቢወድቅም በዚያ ሚስማር ላይ የሚሰቀለው ዝምታሽ ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሰቅዬዋለሁ፤ ይከብዳል። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ልጄ።

ስለ ፈረሱ ከኔ የበለጠ ታውቂያለሽ። የእጅሽን ብቻ ንገሪያቸው።

ዮሺማሳ


ኡራካዋ
ሴፕቴምበር 26 ቀን 1977

ለተከበሩና ለተወደዱ አጎቴ፦

ዕድሜዎን ያርዝመው። ደብዳቤዎ ዓርብ ደረሰ። ሽንት ቤት ገብቼ አነበብኩት፤ ሌላ የሚቆለፍ በር የለንም። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። እንዲህ ፈሪ መሆኔን አላውቅም ነበር።

እሑድ ጠዋት መኪናው መጣ። አቶ ሳካኪ ራሳቸው መጥተዋል። የመንደሩ ሰው ሊሸኘው ወጥቷል፤ እትዬ ማትሱ ባንዲራዋን በሁለት ዘንግ አስወጥራለች። ኮምቡን ከበረት አውጥቼ እስከ መኪናው አፍ ድረስ አመጣሁት። ከዚያ እግሬ እምቢ አለ።

«ገመዱን ስጪኛ» አለኝ ጌንጂሮ።

«አልሰጥም።»

«ሃትሱኤ፣ ሰው እያየን ነው!»

«ይየን። እግሩ ይግላል።»

«በጋ ነበራ! የኔም እግር ይግላል!»

ሰው ሳቀ።

«ያንተን ማን ሦስት ሺህ ሜትር ያስሮጠዋል?» አልኩት፤ ድምፄ ተሰበረ። ያን ጊዜ መሳቁን ተዉ።

አቶ ሳካኪ ጓንታቸውን አወለቁ። ተንበረከኩና እግሩን አንስተው አጥፈው፣ ጅማቱን በሁለት ጣት ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ቆመ። ኮምቡ ጆሮውን አጠፈ።

«እብጠቷ የአተር ፍሬ ታክላለች» አሉ። «እትዬ ሃትሱኤ፣ መቼ አገኟት?»

«በጁላይ አጋማሽ።»

«ሁለት ወር?»

«አዎ። ሐኪሙ አያነክስም ሲል እኔ የሐኪም ቃል ተሸሸግሁበት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

በኋላ፣ ቀስ ብለው፣ ለሁለታችን ብቻ እንዲሰማ እንዲህ አሉን፤ «ሊሮጥ ይችላል። ምናልባት ያሸንፋል። ምናልባት ደግሞ መጨረሻው መታጠፊያ ላይ ይበጠስና ከዚያ አይነሳም። ባለቤቶቹ እናንተ ናችሁ።»

ጌንጂሮን አየሁት። ፊቱ ነጭ ሆኗል። ሰዉን ከፍሎ ወደ ባሕሩ ወረደ። እኔ ለአቶ ሳካኪ ጎንበስ ብዬ «ይቅር፤ አይሄድም» አልኩ። ለመንደሩ ሰውም ጎንበስ አልኩ። ቀና ለማለት አፍሬ ስለነበር ረጅም ጊዜ እንደዚያው ቀረሁ። መጀመሪያ የሰማሁት የማትሱን ድምፅ ነው።

«ቀና በይ እንጂ! ወገብሽን ታመሽ ደግሞ እሱን ማን ሊያጥብልሽ ነው?» ከዚያ ወደ ባንዲራው ዞራ፣ «አርባ ክንድ ጨርቅ! እንግዲህ የልጄ ሠርግ ድንኳን ሆነሃል፤ እንግዳው ሁሉ ‹ሦስት› ምንድን ነው ቢል የሚወልዱት ልጅ ቁጥር ነው እላለሁ» አለች።

ሰው እየሳቀ፣ አንድ በአንድ እየመጣ የኮምቡን አንገት እየነካ ሄደ። አንድም ሰው አልወቀሰኝም። አጎቴ፣ እነዚህን ሰዎች ሃምሳ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አላውቃቸውም ነበር።

ጌንጂሮ የተመለሰው ሲመሽ ነው። በእጁ አንድ እቅፍ የኮምቡ ቅጠል ይዟል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሰጥተውት ነው። በረት ገብቶ ለፈረሱ እያጎረሰው፣ ጀርባውን ለኔ እንደሰጠ፣ «ሁለት ወር ሙሉ ብቻሽን ነበርሽ?» አለኝ። የተቀየመው በዘውዱ አልነበረም። ደብዳቤዎን ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ቆቡን አወለቀ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር አለ። አቶ ናካዛቶ በሕይወት አሉ?

በሁለት እጄ የማመሰግንዎት
ሃትሱኤ


ባስቶስ
ኦክቶበር 20 ቀን 1977

ለጀግናዋ ልጄ ለሃትሱኤ፦

ምስጋናሽን ተቀብዬ ግማሹን መልሼልሻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ስታነቢ ይገባሻል።

ናካዛቶ አለ። ከኔ ቤት በብስክሌት ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ለቅሶ ቤት ስንገናኝ አንገት እየሰበርን ተላልፈናል። ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን ጣሪያ አደስኩ፤ የሚታደስ ጣሪያ ሲያልቅብኝ ሁለት ደርዘን እንቁላል አስሬ ሄድኩ።

«ለዶሮ አርቢ እንቁላል?» አለኝ በሩ ላይ።

«ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው።»

«ባዶ እጅ እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ።

«ናካዛቶ፣ የመጣሁት ያንን ቀን ይቅርታ ልጠይቅህ ነው። አሥራ ስድስቱንም የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

«የማላውቀው መሰለህ? እኔን ያስጨነቀኝ አንተ ታውቀው እንደሆነ ነበር።» እንቁላሎቹን ከእጄ ተቀበለ። «ይቅርታህን አስቀምጠው። እኔ የምፈልገው ኳስ ነው። አንድ ኳስ፣ መሐል ለመሐል።»

ልጄ፣ እሱ ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዳሌው የብረት ነው። ከቆጥ ላይ ዱላውን አወረደ፤ ዘይት ተቀብቶ ነው የኖረው። ከዶሮ ቤቱ ኋላ ቆምን። የልጅ ልጆቹ አጥር ላይ ወጡ። የመጀመሪያው ኳስ ከእጄ አምልጦ ዶሮ መጠጫ ውስጥ ገባ። «ይኼ አይቆጠርም! አርጅተሃል!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ ደግሜ ወረወርኩ፤ መሐል ለመሐል።

ድምፁን ብትሰሚው! ኳሱ ከዶሮ ቤቱ በላይ፣ ከመንገዱ በላይ ሄዶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ናካዛቶ መሮጥ ስለማይችል በዱላው ተደግፎ፣ አራቱንም ማዕዘን በእግሩ ዞረ። እኔም ከኋላው ተከተልኩ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እጁን ዘረጋልኝ። ሁለታችንም እንደ ሕፃን አለቀስን። የሱ ዶሮዎች ደንግጠው ሁለት ቀን እንቁላል አልጣሉም፤ የኔን ሁለት ደርዘን ያኔ በላው።

ኳሱን ከቆርቆሮው አስወርዶ በጥቁር ቀለም «17» ብሎ ጻፈበትና «ለዚያች ፈረስ ላላት ሴትዮ ላክላት» አለኝ። ይኸው በጥቅሉ ውስጥ አለ።

እንግዲህ የመጨረሻ ልመናዬ፤ የጋዜጣውን ቁራጭ አሁን አውርጂልኝ።

ዮሺማሳ


ኡራካዋ
ኖቬምበር 16 ቀን 1977

ለተወደዱ አጎቴና ለተከበሩ አቶ ናካዛቶ፦

ሁለታችሁም ዕድሜ ጠግባችሁ ኑሩልኝ። እዚህ የመጀመሪያው በረዶ ጥሏል።

ኪዮቶው እሑድ ዕለት ተሮጠ። ቤታችን ሠላሳ ሰው ተጨናንቆ በቴሌቪዥን አየነው። ያሸነፈው ኮምቡ ሁለት ጊዜ የቀደመው ፈረስ ነው። ከሰዉ መሐል አንዱ «የኛ ልጅ ቢኖር ኖሮ...» ብሎ ሲጀምር ጌንጂሮ አላስጨረሰውም። «አይባልም» አለ። «ሦስት ሺህ ሜትር ሮጦ የወሰደው እሱ ነው። የሰው ዘውድ ላይ እጃችንን አናስገባ።» ከዚያ ሁላችንም ለሰው ፈረስ አጨበጨብን። እኔ ከልቤ ነበር፤ ትንሽ ያመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አመመኝም፤ ግን አለፈ።

ሐኪሙ አንድ ዓመት ይረፍ ብሏል። ከዚያ በኋላ ይሩጥ አይሩጥ አናውቅም። አሁን ከኡሜ ጋር በረዶ ውስጥ ቆሞ፣ እሷ ድርቆሽ በበላች ቁጥር ከአፏ ይነጥቃታል።

የጋዜጣውን ቁራጭ አውርጄዋለሁ። አልጣልኩትም፤ አባቴ በእጁ ያስገባው ስለሆነ ከመሠዊያው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እሱ አሁን እውነቱን ሰምቷል፤ ደብዳቤዎን ፊቱ አንብቤለታለሁ።

ኳሱን ጌንጂሮ በሽንኩርት መረብ አድርጎ ሦስተኛው ሚስማር ላይ ሰቀለው። እንግዳ ሁሉ ሁለቱን ፎቶ አይቶ ሲያበቃ «ይኼስ የየትኛው ድል ነው?» ይላል። ጌንጂሮ ይህን ነው የሚጠብቀው። ከአሥራ ስድስቱ ይጀምርና ይተርካል። መጀመሪያ ሲያወራው ኳሱ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ነበር ያረፈው፤ ባለፈው ሳምንት ወንዝ ተሻግሯል። አቶ ናካዛቶ አይቀየሙንም ብዬ ዝም ብዬዋለሁ።

ስለ ኳሱ፣ ስለ እውነቱ፣ ለአስቸኳይ ፖስታ ስለከፈሉትም አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ሳልይዝ በረት ገብቼ የኮምቡን የግራ እግር በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ቀዝቃዛ ነበር።

ሃትሱኤ